አሥረኛው ጥያቄ

ወረቀቱ አንድ ገጽ ነበር። በእንግሊዝኛ የተተየበ፣ ደጋግሞ ከመባዛቱ የተነሣ ፊደሎቹ የደበዘዙ፣ አሥር ጥያቄ የያዘ ወረቀት። ያመጣው ከሶሻሊስት አገር ለሁለት ዓመት የተላከልን ሐኪም ነው፤ ረጅም፣ ትከሻው የጎበጠ፣ ሲሰማ ዓይኑን የሚጨፍን ሰው። ክሊኒካችን ከአውሮፕላን ማረፊያው ጀርባ ነበረች፤ ሦስት ክፍል፣ ቆርቆሮ ጣራ። ከእኛ ወዲያ ዛሬ ሰሚት እስከሚባለው ሰፈር ድረስ ማሳ ነበር። እኔ ነርስ ነበርኩ። እንግሊዝኛዬ ከባልደረቦቼ ትንሽ ስለሚሻል ለሐኪሙ የማስተረጉመው እኔ ሆንኩ። የእሱም እንግሊዝኛ ያው እንደኔ ነው። ሁለታችንም በተዋስነው ቋንቋ ነበር የሰውን ጭንቀት የምንመረምረው።

ወረቀቱን ወደ አማርኛ መልሺልኝ አለኝና ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ዛሬ ድባቴ የሚሉት ቃል ያኔ እኛ ዘንድ አይታወቅም። በሰፈራችን ደግሞ ደስታ አጣሁ ብሎ ሐኪም ቤት የሚመጣ ሰው የለም። ሰው የሚመጣው ራሴን ይነድለኛል፣ እህል አይወርድልኝም፣ ሆዴን ባር ባር ይለኛል እያለ ነው። አንዲት ሴት ሆዷን ይዛ መጥታ፣ ባር ባር ምንድን ነው ሲለኝ የሆድ ሕመም አይደለም አልኩት። ታዲያ ለምን ሆዷን ትይዛለች አለኝ። እኛ ምስጢሩንም፣ ቂሙንም፣ ሐዘኑንም የምናስቀምጠው ሆድ ውስጥ ነው ብዬ ላስረዳው ሞከርኩ። ለሴትዮዋ የሰገራ ምርመራ አዘዘላት።

ጥያቄዎቹ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ምግብ፣ ስለ ድካም፣ ስለ ጸጸት፣ ሐሳብን ሰብስቦ መያዝ ስለ ማቃት ይጠይቃሉ። ሞትን ይመኛሉ ወይ የሚልም አለ። ሁሉም ነገር ከሁለት ሳምንት በላይ፣ አብዛኛውን ቀን መሆን አለበት። እስከ ስምንተኛው በሰላም ሄድኩ። ዘጠነኛው ስለ ፍርሃት ነው፦ ከሚገባው በላይ ይሠጋሉ ወይ፣ ልብዎ ያለ ምክንያት ይመታል ወይ? እዚህ ላይ እስክሪብቶዬ ቆመ። የሚገባው ስንት ነው? ደጅ ላይ መኪና ሲቆም ልቡ የማይመታ ሰው እኔ አላውቅም ነበር፤ መኪና የቆመበትን ቤት ስንቱን አይተናል። በዚህ ጥያቄ ቢለካ ቀበሌያችን ከሊቀመንበሩ ጀምሮ በሙሉ አልጋ በያዘ ነበር። ቃል በቃል ተረጎምኩትና አለፍኩ።

አሥረኛው አጭር ነው። ሰሞኑን የቅርብ ሰው ሞቶብዎት ሐዘን ላይ ነዎት ወይ? ከሥሩ፣ መልሱ አዎ ከሆነ እዚህ ላይ ይቁም፣ በሽታ ተብሎ አይመዝገብ ይላል። ሐኪሙ ይችን ጥያቄ ይወዳታል። ሐዘንተኛም አይተኛም፣ አይበላም፣ ሞትን ይመኛል፤ ሁሉንም ምልክት ያሟላል፣ ግን አልታመመም ብሎ አስረዳኝ። እኔም ደስ አለኝ። ፈረንጅ ይህን ማወቁ ገረመኝ።

አላስተዋልኩም እንጂ ከአሥሩ አደገኛዋ እሷ ነበረች። በዚያ ዘመን ልጁ ፀረ ሕዝብ ተብሎ የተገደለበት ሰው ድንኳን አይጥልም፣ ጥቁር አይለብስም፣ ድምፁን አውጥቶ አያለቅስም። ያለቀሰ ሰው ለማን ነው የምታለቅሰው ይባላል። የምርመራ ክፍላችን ጥግ ላይ ደግሞ የካርድ ክፍሉ ጸሐፊ ጠረጴዛ ነበር፤ ቦታ ስለጠበበን ነው። የቀበሌው የኮሚቴ አባል ነበር። ክፉ ሰው ነው አልልም፣ ክፋት ሲሠራ አላየሁትም። ግን እሱ ባለበት አሥረኛውን ጥያቄ ስጠይቅ ሁሉም ወደዚያ ጥግ ዞር ይሉና የለም ይሉኛል። ባሏን ያጣች፣ ሰፈሩ በሙሉ የሚያውቃት ሴት ፊቴ ተቀምጣ፣ ሐዘን? ኧረ የለብኝም አለችኝ። ሐኪሙ ምልክት አደረገ። ካርዷ ላይ የአእምሮ ሕመም ተጻፈ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኛ ክሊኒክ ሐዘኑን የደበቀ ሁሉ መድኃኒት ነበረው።

ይህን የማወራው በሰው ለመፍረድ አይደለም። የእኔው ጉድ ይበልጣል።

በአራት ዓመት የምበልጠው አንድ ወንድም ነበረኝ። አውሮፕላን ማረፊያው ጭነት ክፍል ይሠራ ነበር። ከሥራ ሲወጣ ወሰዱት። እናቴ በየቀኑ ስንቅ ታመላልስ ጀመር፤ በሰማያዊ ምሳ ዕቃ ወጥና እንጀራ ትወስዳለች፣ የትናንቱን ባዶ ዕቃ ተቀብላ ትመለሳለች። ባዶ ዕቃ ማለት በልቷል ማለት ነው፤ በልቷል ማለት አለ ማለት ነው። ወራት እንዲህ ሄደ። አንድ ቀን እንደወሰደችው ይዛው ተመለሰች። ምን ሆነ አልኳት።

«ተዛውሯል» አለችኝ።

የት አልኳት። አልነገሩኝም አለች። ጫማዋን አወለቀች፣ ወጡን መልሳ ድስት ውስጥ ገለበጠችው። ማታ ያንኑ በላን።

ከዚያ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ አንድ ሰው እግሩን ሊያሳጥብ ክሊኒካችን መጣ። ውስጥ እግሩ ተገርፎ ቆስሎ ነበር፤ እንዲህ ያለ እግር ሲመጣ እንዴት ሆነ ብለን አንጠይቅም። ጸሐፊው ምሳ ወጥቷል፣ ብቻችንን ነን። ሰውየው ያለ ልኩ የሆነ አረንጓዴ ሹራብ ለብሷል፣ እጅጌው አጥሮበታል። ክርኑ ላይ በሌላ ክር ተወትፏል። ያንን የወተፈችው እናቴ ነበረች። ፋሻውን እንደያዝኩ ቀረሁ። እሱም ፊቴን አየና ገባው፤ ከወንድሜ ጋር እንመሳሰላለን።

«እኅቱ ነሽ» አለኝ። «ስንቅ አታመላልሱ። ሲጠሩት ይበርድሃል ብሎ ለኔ ትቶልኝ ነው የወጣው።»

ሹራቡን ሊያወልቅልኝ ሲል ተወው አልኩት። ቤት ብወስደው እናቴ ታየዋለች። እግሩን አሰርኩለት፣ መቼ እንደሚመለስ ነገርኩት፣ እጄን ታጠብኩ። ጸሐፊው ሲመለስ ሻይ ላምጣልሽ ወይ አለኝ፤ እሺ አልኩት። ያን ሻይ እንዴት እንደጠጣሁት እስከ ዛሬ አላውቅም።

መርዶ በአገራችን እንዲሁ አይነገርም። ልጅ ለእናቷ ብቻዋን አትነግርም። ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ ገና ሳይነጋ ይኬዳል፣ ለሰሚዋ ቀስ ተብሎ ይነገራታል፣ ስትጮህ የሚይዛት ሰው አጠገቧ ይቆማል። እኔ ግን ሽማግሌ ብጠራ ለማን ሊባል ነው? ደፍሬ ብቻዬን ብነግራት እናቴ ትጮሃለች። ከግድግዳው ወዲያ አብዮት ጥበቃ ነው የሚኖረው። ግድግዳ ጆሮ አለው ሲባል ተረት የሚመስለው ሰው ይኖራል፤ የእኛው ግድግዳ ግን ሲያስነጥስ እንኳ ይሰማን ነበር። እናም ሆድ ይፍጀው አልኩ። ለጊዜው ነው፣ ሰሞኑን እነግራታለሁ፣ ፋሲካ ይለፍ፣ ክረምቱ ይውጣ እያልኩ አቆየሁት።

እናቴ እየከሳች ሄደች። ሌሊት ስትገላበጥ እሰማታለሁ፤ ስጠይቃት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም ትለኛለች። የምትበላው እኔ ካየኋት ብቻ ነው። ዕድሜዋን በሙሉ አውሮፕላን በጣራዋ ላይ ሲያልፍ ቀና ብላ የማታየው ሴትዮ አሁን ገና ከሩቅ ሲሰማ ደረቷን ይዛ ትቆማለች። ልብሷን ለብቻዋ ማጠብ ጀመረች፤ ላግዝሽ ስላት ትቆጣኛለች። በዓመት አንድ ቀን ድፎ ዳቦ ተሸክማ ወደ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፤ ምንድን ነው ስላት ስለት ነው ትለኛለች። እኔ ደግሞ ወረቀቱን በቃሌ ስለያዝኩት አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ በልቤ እቆጥርባታለሁ። ቁጣዋንም ልብስ አጠባዋንም ከበሽታው ቆጠርኩት። በቤታችን ማን ምን እንደሆነ ከሁሉ የማውቀው እኔ ነኝ ብዬ አምን ነበር።

ያችን ደረቷን የምትይዘውን ነገር ለሐኪሙ ነገርኩትና አምጪያት አለኝ።

ወረቀቱን ለበሽተኞች የተረጎምኩት በእርስዎ ነበር። የሐኪሙ ፊት ስሆን እንደ ልማዴ አነበብኩት፦ ሰሞኑን እንቅልፍዎ እንዴት ነው?

እናቴ ፈገግ አለች። ያን ሰሞን ስትስቅ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው።

«ከመቼ ወዲህ ነው እርስዎ የሆንኩት?» አለችኝ።

ጸሐፊው ከጥጉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁና ቀጠልኩ። ሁሉንም መለሰች፣ እኔ እንደ ቆጠርኩት ሆነ። ሞትን ይመኛሉ ወይ ስላት፣ ለራሴ አልመኝም፣ ቢመጣ ግን በር አልዘጋበትም አለች። ይህን ወደ እንግሊዝኛ ስመልስ አንሶብኝ ነበር የወጣው። ዘጠኙ አለቀ።

አሥረኛው ላይ ደረስኩ። ወረቀቱን እያየሁ ነው እንጂ እሷን አላየሁም። አዎ ማለት አለባት ብዬ አሰብኩ፣ ግን አታውቅም። የማታውቀውን እዚህ፣ ጸሐፊው ፊት፣ ከወረቀት ላይ እያነበብኩ ላርዳት ነው? ደግሞ ዝም ብል በሽተኛ ትባላለች። ለአፍታ ጥያቄውን ልዝለለው ብዬ አሰብኩ፤ ሐኪሙ ግን ጣቱን እዚያው ላይ አድርጎ ይጠብቃል። ጠየቅኋት።

ወደ ጥጉ አልዞረችም። ያየችው እኔን ነው፣ ለረጅም ጊዜ።

«የለም» አለች። «ልጄ ተዛውሯል እንጂ ደህና ነው። ሐዘን የለብንም በይው።»

እፎይ አልኩ። ይህን ነው ለራሴ ይቅር ማለት ያቃተኝ። እናቴ የለም ስትለኝ የተሰማኝ ነገር ዕረፍት ነበር። የለም ትላለች አልኩት። ሐኪሙ ምልክቱን አደረገና እያዘነ እንዲህ አለኝ።

«ሐዘን ቢሆን ኖሮ ወደ ሰዎቿ እመልሳት ነበር። ሰው ይበቃት ነበር። ካልሆነ ግን መድኃኒት መውሰድ አለባት።»

ይህን ለእናቴ አላስተረጎምኩላትም።

ክኒኑ ጠዋትና ማታ ነው። የምሰጣት እኔ ነኝ፤ ነርስ ነኝ አይደል? በእጄ መዳፍ አድርጌ፣ ውኃ ይዤ እቆማለሁ፤ እስክትውጠው አያታለሁ። እንቅልፍ አመጣላት። ጣቶቿ መንቀጥቀጥ ጀመሩ፣ አፏ ስለሚደርቅ ቃላት ይያያዙባታል፣ ዓይኗ እየደረቀ አሸዋ የገባበት ይመስል ታሸዋለች። ሐኪሙ ጊዜውን ጨርሶ ሄደ። ተከታዩ ካርዷን አይቶ ያንኑ ደገመላት፣ ከሱ በኋላ የመጣውም እንዲሁ፤ ካርድ ላይ የተጻፈን ማን ይጠይቃል? አንድ ጊዜ ላቋርጠው ወይ አለችኝ። አይሆንም አልኳት። እሺ፣ አንቺን ደስ ካለሽ አለችና ዋጠችው።

ቀበሌን አላመካኝም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ክልከላው ላልቷል፣ ያ አብዮት ጥበቃ ጎረቤታችን ወደ ሌላ ሰፈር ሄዷል፣ ጸሐፊውም ጡረታ ወጥቷል። ያኔ ብነግራት ማንም አይነካንም ነበር። ግን የዘገየ መርዶ ከነወለዱ ነው። ልጇ መሞቱን ብቻ ሳይሆን እኔ ያን ሁሉ ጊዜ ማወቄን ልነግራት ነው። ይህን ነበር የፈራሁት። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኔ ነቅዟል። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ብቻዬን ሆኜ ያን ወረቀት ለራሴ ሞላሁት። ዘጠኙ ላይ ምልክት አደረግሁ፣ አሥረኛውን ሳልነካ ቀድጄ ጣልኩት።

መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በየሰፈሩ ድንኳን ተተከለ። ለዓመታት የታፈነ ለቅሶ ነው። ከአንዱ ግቢ ወጥተው ሌላው ይገባሉ። በእኛ በር የሚያልፉት ለቀስተኞች ቤታችንን እያዩ ሲያልፉ አላስችል አለኝና ወደ ዕድራችን ዳኛ ሄጄ ሁሉንም ተናዘዝኩ። እሱም አልገረመውም። የእናቴን የነፍስ አባትና ሁለት ጎረቤት ጨምሮ፣ በማግስቱ ገና ሳይነጋ መጡ።

እናቴ ነቅታለች። ለብሳ፣ ፀጉሯን አስራ የአልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አገኘናት። ዳኛው እንደ ደንቡ ከሩቅ ጀመረ፤ የሰው ልጅ እንግዳ ነው፣ ፈጣሪ የሰጠውን ይወስዳል እያለ ሲመጣ እጇን አነሣች።

«ቁጭ በሉ» አለች። «የመጣችሁበትን አውቃለሁ።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ቃላቱ እየተያያዙባት፣ መቼ እንደሰማሁ ጠየቀችኝ። ስለ ቁስለኛው ሰውዬ፣ ስለ ሹራቡ ነገርኳት። ሹራቡን ስትሰማ ዓይኗን ጨፈነች። ለማን እንደቀረ ጠየቀችኝና፣ ለሚበርደው ሰው ከሆነ ደግ አለች።

«እኔ የሰማሁት ስንቁን የመለሱ ቀን ነው» አለችኝ። «ዘበኛው በጆሮዬ፣ እናቴ ከእንግዲህ አይድከሙ አለኝ። ተዛውሯል ያልኩሽ ለአንቺ ብዬ ነው። ሥራሽ ላይ ሆነሽ ብታለቅሺ ይወስዱሽ ነበር። አንድ ነው የቀረኝ።»

የቀሚሷን ጫፍ ትንሽ ከፍ አደረገች። ከሥሩ የለበሰችው ጉርድ ጥቁር ነበር፤ ከመታጠብ ብዛት አመድ የመሰለ ጥቁር። ቄሱ መሬት መሬት እያዩ፣ አርባውንም ሰማንያውንም አድርሰናል፣ ሙት ዓመቱንም በየዓመቱ ታስባለች አሉ። ያ ድፎ ዳቦ የስለት አልነበረም።

ታዲያ ክኒኑን ለምን ዋጥሽው አልኳት።

«እንዳወቅሁ እንዳታውቂ» አለች። «አንቺ አታውቂም ብዬ።»

ረፋዱ ላይ ድንኳኑ ሞላ። ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ፣ ስሙን እየጠሩ አለቀሱ፤ ስሙ ጮክ ተብሎ ሲጠራ የሰማሁት ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ነው። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መሐላቸው ተቀምጣለች። ደጋግማ ዓይኗን በጣቷ ትነካለች፣ ጣቷን ታየዋለች። ከኋላዬ አንዲት ሴት ለጓደኛዋ፣ እናትየው እንኳ አላለቀሰችም ስትል ሰማሁ። እናቴም ሳትሰማት አልቀረችም። ክንዴን ይዛ ወደ እሷ ሳበችኝ።

«አልመጣልኝም» አለችኝ ቀስ ብላ። «ደርቄአለሁ መሰለኝ። እስኪ አንቺ አልቅሺልኝ።»

አለቀስኩላት። የእኔንም የእሷንም፣ ድምፄ እስኪዘጋ። እናቴ በደረቁ ዓይኖቿ ማን እንደገባ፣ ማን እንደወጣ እያየች፣ እስክጨርስ ድረስ ጀርባዬን ታሸኝ ነበር።